ያልተለመዱ የአንጎል አኒዩሪዝሞች፦ ስለ ቀዶ ሕክምናቸውና ስለ ውጤቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በምርመራ ውጤታቸው ላይ «ግዙፍ»፣ «ፉዚፎርም»፣ «ዲሴክቲንግ»፣ «ብሊስተር» ወይም «ማይኮቲክ» የሚል ቃል ላነበቡ ታካሚዎችና ለአስታማሚዎቻቸው የተዘጋጀ ነው። ስለ አኒዩሪዝም በብዛት የሚጻፈው ስለ ተራው ዓይነት ስለሆነ፣ ከዚያ የሚገኘው ቁጥርም ሆነ ምክር ለእነዚህ ላይሠራ ይችላል።

የኛ አኒዩሪዝም ከተለመደው በምን ይለያል?

አኒዩሪዝም የደም ቅዳ ግድግዳ ተዳክሞ ማበጡ ነው። ከአዋቂ ሰዎች 3 በመቶ ያህሉ በአንጎላቸው ውስጥ አለባቸው፤ አብዛኞቹም አያውቁትም። የተለመደው ዓይነት በአንጎል ግርጌ፣ ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ ያበጠ ትንሽ ከረጢት ነው። መጠኑ በአብዛኛው ከ10 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ጠባብ አንገትም አለው። ቀዶ ሐኪሙ አንገቱን በክሊፕ (በትንሽ የብረት መቆንጠጫ) ይቆነጥጠዋል፤ ከረጢቱ ደም አይገባበትም፤ ደም ቅዳው ግን እንደ ቀድሞው ሥራውን ይቀጥላል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን ክሊፕ ያደረገው ዋልተር ዳንዲ ነው፣ በ1937 እ.ኤ.አ.።

ያልተለመዱት ይህ አሠራር በቀጥታ የማይሠራባቸው ናቸው። ግዙፍ የሚባለው 25 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ነው፤ ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ይይዛል። ፉዚፎርም የደም ቅዳው ዙሪያ በሙሉ ያበጠበት ስለሆነ የሚቆነጠጥ አንገት የለውም። ዲሴክቲንግ የደም ቅዳው ውስጠኛ ሽፋን ተሰንጥቆ ደም በግድግዳው ንብርብሮች መካከል ሲገባ ይፈጠራል፤ በጭንቅላት ውስጥ በብዛት የሚታየው በአንገት ጀርባ በኩል ወደ አንጎል በሚወጣው በቨርቴብራል ደም ቅዳ ላይ ነው። ብሊስተር በአንገት ጎን በኩል ወደ አንጎል በሚወጣው በካሮቲድ ደም ቅዳ ላይ፣ ቅርንጫፍ በሌለበት ቦታ የሚወጣ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሆን ስስ እብጠት ነው። ማይኮቲክ የሚባለው ከኢንፌክሽን የመጣ ነው። ከእነዚህ ሌላ በጭንቅላት ጉዳት ሰበብ የሚፈጠርና ብዙ ጊዜ ከአደጋው ሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ የሚደማ ዓይነት አለ። ብርቅ ቢሆንም፣ ከከባድ የጭንቅላት ጉዳት ያገገመ ሰው በድንገት ሲደማ መታሰብ ያለበት ነው።

ሳይፈነዳ ተገኝቷል። የግድ መነካት አለበት?

ሁልጊዜ አይደለም። መልሱን የሚወስኑት መጠኑና ቦታው፣ እንዲሁም የታካሚው ዕድሜና ጤና ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት ያልፈነዱ አኒዩሪዝሞችን ተከታትሎ እንዳሳየው፣ 25 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑት በአምስት ዓመት ውስጥ የመፈንዳት ዕድላቸው በፊተኛው ዝውውር (በአብዛኛው ካሮቲድ በሚመግበው ክፍል) 40 በመቶ፣ በኋለኛው ዝውውር (በአብዛኛው ቨርቴብራል በሚመግበው ክፍል) 50 በመቶ ነበር። ከ13 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ያሉት ደግሞ በቅደም ተከተል 14.5 እና 18.4 በመቶ ነበሩ። ከዓይን ኋላ ባለው ካቨርነስ በሚባለው ክፍል ውስጥ ያለ ግዙፍ አኒዩሪዝም ግን በዚሁ ጊዜ የፈነዳው በ6.4 በመቶ ብቻ ነው፤ ያለበት ቦታ በጠንካራ ሽፋን የታጠረ ነውና። ስለዚህ «ግዙፍ ነው» መባሉ ብቻውን አይበቃም፤ «የት ነው ያለው?» ብለው ይጠይቁ።

ግዙፍ አኒዩሪዝም ሳይፈነዳም ይጎዳል። የዓይን ነርቭን ተጭኖ እይታን ይቀንሳል፤ የዓይን ቆብን ያወርዳል፤ የአንጎል ግንድን ተጭኖ ሚዛንና መዋጥን ያበላሻል። በውስጡ ከረጋው ደም ቁራጭ ተነሥቶ ስትሮክ ሊያስከትልም ይችላል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምልክቱ እየከፋ የሄደ ታካሚ ለቀጠሮ ወረፋ መጠበቅ የለበትም።

ለምን በክሊፕ ብቻ አይዘጋም?

የግዙፍ አኒዩሪዝም አንገት ሰፊ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስብና ካልሲየም ተጋግሮበታል። ክሊፑ ሲዘጋ በውስጥ ያለው የደም ግፊት ወደ ታች ያንሸራትተዋል፤ የተንሸራተተ ክሊፕ የሚያርፈው ራሱ ደም ቅዳው ላይ ነው። ውጤቱ ስትሮክ ነው። ለዚህ ነው ቀዶ ሐኪሞች ብዙ ክሊፖችን በተርታ የሚደረድሩት፣ ቀዳዳ ያላቸው ክሊፖችን ደም ቅዳውን አቅፈው እንዲቀመጡ የሚያደርጉት፣ አንዱን ክሊፕ በሌላ የሚያጠናክሩት።

ክሊፕ ከማድረግ በፊት ከረጢቱ መለስለስ አለበት። አንዱ መንገድ ደም ቅዳውን ከታችና ከላይ በጊዜያዊ ክሊፕ መያዝ ነው። በዚህ ወቅት የዚያ ክፍል አንጎል ደም አያገኝም፤ ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ ባያልፍ ይመርጣሉ። ሌላው መንገድ አንገት ላይ ባለው ካሮቲድ በኩል ደሙን በመምጠጥ ከረጢቱን ማሟሸሽ ነው። ሦስተኛው አዴኖሲን የተባለ መድኃኒት በደም ሥር ሰጥቶ ልብን ለአጭር ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከደቂቃ በታች፣ ማቆም ነው። የመጨረሻው ሲሰማ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የማደንዘዣ ሐኪሙ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚያደርገው፣ ልብም በራሱ ጊዜ ምቱን የሚመልስበት አሠራር ነው። አስም ላለበት ወይም የልብ ምት ስርጭት ችግር ላለበት ሰው አይመከርም፤ እንዲህ ያለ ችግር ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ።

የረጋ ደም የሞላበት ከሆነስ?

አንጂዮግራም (ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣ የደም ሥር ምስል) የሚያሳየው ደም የሚፈስበትን ክፍል ብቻ ነው። 30 ሚሊ ሜትር የሆነ አኒዩሪዝም በረጋ ደም ከተሞላ፣ በአንጂዮግራም ላይ 8 ሚሊ ሜትር መስሎ ሊታይ ይችላል። እውነተኛውን መጠን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው፤ ሁለቱ ሳይነጻጸሩ ቀዶ ሕክምና መታቀድ የለበትም።

በቀዶ ሕክምናው ወቅት ደም ቅዳው በጊዜያዊ ክሊፕ ተይዞ ከረጢቱ ይከፈታል፤ የረጋው ደም በአልትራሳውንድ ንዝረት በሚሠራ መምጠጫ ተፈርፍሮ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለክሊፕ የሚሆን ለስላሳ አንገት የሚገኘው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ የረጋው ደም ጠንክሮ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከሆነ ሥራው ከታሰበው በላይ ይወስዳል፤ አንጎሉ ደግሞ እየጠበቀ ነው። ሁለተኛው፣ የቀረ ፍርፋሪ ደም ሲለቀቅ ወደ ላይ ሄዶ ቅርንጫፍ መዝጋቱ ነው። በእነዚህ ምክንያቶች ልምድ ያላቸው ቡድኖች ከረጢቱን ከመክፈታቸው በፊት ባይፓስ ሠርተው ይጀምራሉ።

ባይፓስ ምንድን ነው? እንዴት ይሠራል?

የፈረሰ ቦይ የሚደፈነው ውሃው የሚሄድበት ሌላ ቦይ ከተቆፈረ በኋላ ነው፤ ባይፓስም እንደዚሁ ነው። አኒዩሪዝሙ ከደም ቅዳው ጋር አብሮ መዘጋት ካለበት፣ ከዚያ በላይ ያለው አንጎል ደም የሚያገኝበት አዲስ መንገድ በቅድሚያ ይሠራለታል። ያልተለመዱ አኒዩሪዝሞች ሕክምና ዋናው ጥያቄም ይኸው ነው፦ እብጠቱን መዝጋት ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ከተዘጋ በኋላ ደሙ በየት ይሄዳል?

የመጀመሪያውን ዓይነት ባይፓስ በ1967 እ.ኤ.አ. በዙሪክ የሠራው ጋዚ ያሳርጊል ነው። ዛሬም የሚሠራው በዚያው ሐሳብ ነው። ከጆሮ ፊት ለፊት በጣት ሲነካ የሚመታው የራስ ቆዳ ደም ቅዳ ከቆዳው ሥር ተፈልፍሎ ይወጣል፤ የራስ ቅሉ ይከፈታል፤ በአንጎሉ ገጽ ላይ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቅርንጫፍ ይመረጣል። ቅርንጫፉ በሁለት ትናንሽ ጊዜያዊ ክሊፖች ይያዛል፤ ጎኑ ይሰነጠቃል፤ የራስ ቆዳው ደም ቅዳ ጫፍ በ10-0 ናይለን ክር ይሰፋበታል። ይህ ክር ከሰው ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ስፌቱ የሚሠራው በማይክሮስኮፕ ሥር ነው። አንድ ስፌት የፊቱን ግድግዳ ከኋላው ጋር አብሮ ከያዘ መንገዱ ይዘጋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ስፌት ከመጠበቁ በፊት ውስጡ ይታያል። ቅርንጫፉ ተይዞ የሚቆየው በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ የማደንዘዣ ሐኪሙ የደም ግፊቱን በመጠኑ ከፍ ያደርጋል፤ የአንጎልን የኦክስጅን ፍላጎት የሚቀንስ መድኃኒትም ይሰጣል።

ይህ መንገድ የሚያሻግረው ደም ውስን ነው፤ መጀመሪያ ላይ በአብዛኛው በደቂቃ ከ50 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ዋናው ካሮቲድ ሊዘጋ ከሆነና ታካሚው ሌላ በቂ መተላለፊያ ከሌለው ይህ አይበቃም። ያኔ ከክንድ የራዲያል ደም ቅዳ ወይም ከእግር የሳፌነስ ደም መልስ ተወስዶ ከአንገት ካሮቲድ እስከ አንጎል ይዘረጋል። ከእግር የሚወሰደው በደቂቃ ከ70 እስከ 140 ሚሊ ሊትር ሊያደርስ ይችላል። የክንዱ ለመስፋት የተመቸ ነው፤ ነገር ግን በድንገት የመኮማተር ጠባይ አለው፤ ስለዚህ ከመሰፋቱ በፊት በግፊት ፈሳሽ ተሞልቶ ይለጠጣል። የክንዱ ከመወሰዱ በፊት ሌላኛው የክንድ ደም ቅዳ እጅን ብቻውን መመገብ መቻሉ ይፈተሻል። ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ከሁለቱ ክንዶች ከየትኛው እንደሚወሰድ ይጠይቅ፤ በዚያ ክንድ ላይ የመድኃኒት መስጫ መርፌ እንዳይገባበትም ያሳስብ።

ባይፓሱ መሥራቱ እዚያው ይረጋገጣል፤ በትንሽ ዶፕለር ድምፁ ይሰማል፤ ኢንዶሲያኒን ግሪን የተባለ ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ በማይክሮስኮፑ ልዩ ብርሃን ፍሰቱ ይታያል።

ደም ቅዳው ቢዘጋ መቋቋሜ አስቀድሞ እንዴት ይታወቃል?

በባሉን ፈተና። ታካሚው ነቅቶ እያለ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ካሮቲድ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ያለው ባሉን ተነፍቶ ደም ቅዳውን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይዘጋዋል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሐኪሙ እጅ ያስነሳል፣ ያናግራል፣ ያስቆጥራል። ብዙ ማዕከላት የደም ግፊቱን ሆን ብለው ዝቅ አድርገው ይደግሙታል። ንግግር ከተንተባተበ ወይም እጅ ከዛለ ባሉኑ ወዲያው ይተነፍሳል፤ ያ ታካሚ ባይፓስ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ፈተናውን አልፈው በኋላ ስትሮክ የደረሰባቸው ታካሚዎች ስላሉ፣ አንዳንድ ቡድኖች በተለይ ወጣት ለሆኑት ፈተናውን ቢያልፉም ባይፓስ ይሠራሉ። ይህ አቋም ምክንያታዊ ነው፤ ወጣት ታካሚ በቀሪው ደም ቅዳ ላይ ገና ብዙ አሥርት ዓመታት ይደገፋል።

ብሊስተር ትንሽ ከሆነ ለምን ይህን ያህል ይፈራል?

ግድግዳ የለውም ማለት ይቻላል። እውነተኛው የደም ቅዳ ሽፋን ጠፍቶ ቀዳዳውን የያዘው ስስ ውጫዊ ሽፋንና የረጋ ደም ነው። የመጀመሪያው አንጂዮግራም ላይ ላይታይ ይችላል፤ ወይም እንደ ኢምንት ጉብታ ታይቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያድጋል። ለዚህ ነው ደም ፈስሶ ምንጩ ያልተገኘለት ታካሚ አንጂዮግራሙ የሚደገምለት።

ቀዶ ሐኪሙ ክሊፕ ሲያደርግበት ከሥሩ ሊቀደድ ይችላል፤ የተቀደደው ደግሞ ካሮቲድ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ አንገት ላይ ካሮቲዱ ተገልጦ ለመያዝ ይዘጋጃል፤ ለባይፓስ የሚሆነው የራስ ቆዳ ደም ቅዳም ሳይቆረጥ ይጠበቃል። ክሊፑ ከጤናማው ግድግዳ ጥቂቱን ጨምሮ ከደም ቅዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀመጣል፤ ወይም ደም ቅዳው በሰው ሠራሽ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከላይ በክሊፕ ይታሰራል። ይህ ካልሆነ ያ የካሮቲድ ክፍል ከግራና ቀኝ ተዘግቶ በባይፓስ ይተካል።

ደም በቅርቡ ፈስሶ በነበረበት አንጎል ላይ ፍሰት አዟሪ የተባለውን፣ ደሙን ከእብጠቱ የሚያርቅ መረብ በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስቀመጥም ይቻላል፤ ዛሬ ብዙ ማዕከላት ይህን ያስቀድማሉ። ችግሩ መረቡ ሁለት ደም አቅጣኝ መድኃኒቶችን መፈለጉ ነው፤ ያው ታካሚ የአንጎል ውሃ ማፍሰሻ ቱቦ ቢያስፈልገው፣ ቱቦው በሚገባበት መንገድ ላይ ሊደማ ይችላል።

ከኢንፌክሽን የመጣው እንዴት ይታከማል?

አብዛኛው የሚመጣው ከልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ነው። ከቫልቩ የተነሣ ባክቴሪያ ያዘለ ቁራጭ በሩቅ፣ በቀጭን የአንጎል ቅርንጫፍ ላይ ተቀርቅሮ ግድግዳውን ይበላዋል። ሕክምናው በደም ሥር በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይጀምራል፤ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ያልፈነዳ ከሆነ በየአንድና ሁለት ሳምንቱ ምስል እየተነሣ ይታያል፤ በመድኃኒት ብቻ የሚጠፉ አሉ። መጠኑ ትንሽ መሆኑ ግን ዋስትና አይደለም፤ ትንሹም ይፈነዳል።

ከፈነዳ፣ እያደገ ከሄደ ወይም አንጎልን የሚጫን ደም ካጠራቀመ ይዘጋል። ግድግዳው እንደ ራሰ ወረቀት ስለሆነ ክሊፕ አይይዝም፤ ስለዚህ ያ ቁራጭ ደም ሥር ተቆርጦ ይወጣል ወይም በካቴተር በኩል ይደፈናል። ያ ቅርንጫፍ እጅን ወይም ንግግርን የሚመግብ ከሆነ ባይፓስ ይጨመራል። የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ታካሚ ቅደም ተከተሉ በልብ ሐኪሙና በአንጎል ሐኪሙ አብሮ መወሰን አለበት፤ በቫልቭ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚሰጠው ከባድ ደም አቅጣኝ ያልተዘጋ አኒዩሪዝምን ሊያደማ ይችላል።

ሐኪሙ «ቀዶ ሕክምና አይሻልም» ያለን በባዚላር ላይ ስላለው ነው። ተስፋ ቆርጦ ነው?

አይደለም። ባዚላር በአንጎል ግንድ ፊት የሚያልፍ ደም ቅዳ ነው፤ ከጎኑና ከጀርባው የሚነሡ በዓይን የማይለዩ ቅርንጫፎች የአንጎል ግንድን ይመግባሉ። መንቃት፣ መተንፈስ፣ መዋጥና መራመድ ሁሉ በዚያ ያልፋሉ። አንዷ ብትዘጋ የሚደርሰው ጉዳት ከአኒዩሪዝሙ ሊብስ ይችላል። ረጅምና ፉዚፎርም የሆነ የባዚላር አኒዩሪዝም ከሁሉም በውጤት የከበደው ነው፤ በቀዶ ሕክምናም በካቴተርም። አንዳንዴ በከፊል መዝጋት፣ ማለትም ከአንድ ወገን ብቻ ፍሰቱን ቀንሶ መንገዱን መቀየር ይሞከራል። ምልክት ለሌለው ታካሚ ግን የደም ግፊትን እየተቆጣጠሩ በየጊዜው ኤምአርአይ ማየት ብዙ ጊዜ የተሻለው ውሳኔ ነው።

የቨርቴብራሉ ዲሴክቲንግ ግን ከዚህ ይለያል። ከፈነዳ እንደገና የመድማት አደጋው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ከፍተኛ ስለሆነ በፍጥነት ይዘጋል። የተቀደደው ክፍል ከላይና ከታች ይታገዳል፤ ከዚያ ክፍል ወደ ትንሹ አንጎል የሚሄደው ቅርንጫፍ የሚነሣ ከሆነ፣ ቅርንጫፉ ከማጅራት ደም ቅዳ ወይም ከሌላው ወገን አቻው ጋር ይሰፋል። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ የመዋጥ ነርቭ ለጊዜው ሊደክም ስለሚችል፣ ባለሙያ መዋጥን ሳይፈትሽ ለታካሚው ውሃ እንኳ በአፉ አይስጡ፤ ትን ብሎት ሳንባው ውስጥ ይገባል።

ለምን በካቴተር አይሠራም? ሳይቀደድ ይሻል የለም?

ለብዙው ተራ አኒዩሪዝም መልሱ አዎ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው 2143 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ በኮይል (በካቴተር ገብቶ ከረጢቱን በሚሞላ ቀጭን የብረት ጥቅል) ከታከሙት 23.7 በመቶ፣ በክሊፕ ከታከሙት 30.6 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሞቱ ወይም የሰው እርዳታ ፈላጊ እንደሆኑ አሳይቷል። የተጠኑት ግን በአብዛኛው ትናንሽ፣ በፊተኛው ዝውውር ያሉና ለሁለቱም መንገድ የሚመቹ ነበሩ። ይህን ቁጥር ለግዙፍ ወይም ለፉዚፎርም መጠቀም ስሕተት ነው።

ፍሰት አዟሪው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ፈቃድ ካገኘ ወዲህ በካሮቲድ ላይ ያሉትን ብዙ ግዙፍ አኒዩሪዝሞች ከቀዶ ሕክምና ወስዷል፤ ይህም ለታካሚዎች ጥሩ ሆኗል። አኒዩሪዝሙ ግን ወዲያው አይዘጋም፤ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ወር ይወስዳል፤ እስከዚያ ሁለቱ ደም አቅጣኞች፣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል፣ ሳይቋረጡ መወሰድ አለባቸው። ቀዶ ሕክምናው ቦታውን የሚይዘው አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ከራሱ ከከረጢቱ ሲነሣ፣ የረጋው ደም አንጎልን ሲጫን፣ ታካሚው ደም አቅጣኝ መውሰድ ሲከለከል፣ ወይም ቀደም ሲል በካቴተር የተዘጋው ተመልሶ ሲከፈት ነው።

ምን ሊበላሽ ይችላል?

ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው ስትሮክ ነው። ከባይፓስ መዘጋት፣ ከጊዜያዊ ክሊፕ መርዘም፣ ወይም ከጥቃቅን ቅርንጫፎች መዘጋት ይመጣል። በቀዶ ሕክምናው መሐል መፈንዳት፣ ከራስ ቅል ሥር ደም መጠራቀም፣ የሚጥል በሽታ፣ የአንጎል ውሃ መጠራቀም፣ ኢንፌክሽን፣ የአንጎል ውሃ በቁስል ማፍሰስ ሌሎቹ ናቸው። ዓይንን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ ቢነካ ሁለት ሁለት ማየት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይሻሻላል።

ሰው ብዙም የማያነሣው አንድ ነገር የራስ ቆዳ ቁስል ነው። ለባይፓስ የተወሰደው ደም ቅዳ ያንን ቆዳ ይመግብ የነበረ ነው፤ ስለዚህ የስፌቱ ጠርዝ ሊጠቁርና ለመዳን ሊዘገይ ይችላል። ስኳር ሕመም ያለበትና ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል።

«ጥሩ ውጤት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐኪሞች የሚለኩት በአብዛኛው በተሻሻለው የራንኪን መለኪያ ነው። 0 ምንም ምልክት የለም፤ 1 ምልክት ቢኖርም ሥራን አያስተጓጉልም፤ 2 ቀድሞ ይሠራው ከነበረው የቀረበት ነገር አለ፣ ራሱን ግን ያስተዳድራል፤ 3 እርዳታ ይፈልጋል፣ ግን ያለ ደጋፊ ይራመዳል፤ 4 ያለ ደጋፊ አይራመድም፤ 5 የአልጋ ቁራኛ ነው፤ 6 ሞት ነው። ከ0 እስከ 2 «ጥሩ» ይባላል። ልብ ይበሉ፦ 2 የሆነ ሰው ወደ ቀድሞ ሥራው ላይመለስ ይችላል። የማስታወስ ችግር፣ ቶሎ መድከም፣ የጠባይ መለወጥ በዚህ መለኪያ አይታዩም፤ ቤተሰቡ ግን በየቀኑ ያያቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ «ውጤቱ ጥሩ ይሆናል» ሲል «ወደ ሥራው ይመለሳል ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለግዙፍ አኒዩሪዝም በሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ በታተሙ ሪፖርቶች የሞትና የከባድ ጉዳት ድምር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ልምድ ባላቸው ማዕከላት የሚሠሩ ባይፓሶች ከ90 በመቶ በላይ ክፍት ሆነው ይቆያሉ። ውጤቱን በጣም የሚለየው ግን ታካሚው ወደ ቀዶ ሕክምና የገባበት ሁኔታ ነው። ሳይፈነዳ፣ እየተራመደ የገባና ፈንድቶበት ራሱን ስቶ የገባ በአንድ ቁጥር አይነገሩም። የማዕከሉም ልምድ ይለያል፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. መመሪያው በዓመት ከ10 በታች የፈነዳ አኒዩሪዝም የሚያክሙ ሆስፒታሎች ታካሚዎቻቸውን ከ35 በላይ ወደሚያክሙት በጊዜ እንዲልኩ መክሯል። ባይፓስ ደግሞ ከዚያም የጠበበ ሙያ ነው። «በዓመት ስንት ትሠራላችሁ? ውጤታችሁስ?» ብሎ መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም፤ የሚሠራ ሐኪም ይህን ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ሆስፒታል ውስጥ ስንት ቀን እንቆያለን?

ያልፈነዳ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ከዚያ ጥቂት ቀናት በተኝቶ መታከሚያ፤ ባጠቃላይ ሳምንት ገደማ። የፈነዳ ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይሆናል፤ አኒዩሪዝሙ በመጀመሪያው ቀን በደንብ ቢዘጋም እንኳ። ምክንያቱ የፈሰሰው ደም ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ የአንጎል ደም ሥሮችን ሊያኮማትር መቻሉ ነው። ስለዚህ ኒሞዲፒን የተባለ መድኃኒት 60 ሚሊ ግራም በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀን ይሰጣል፤ ሌሊትም ሳይቀር። ታካሚው ደህና ሲያወራ ቆይቶ በ7ኛው ቀን ቢደናገር ወይም አንድ እጁ ቢዝል ለነርሷ ወዲያው ይንገሩ፤ እንቅልፍ ነው ብለው አይተዉት።

ቤት ከገባን በኋላ ምን እንጠንቀቅ?

ባይፓስ ከተሠራ፣ አዲሱ መንገድ ከጆሮ ፊት ለፊት በቆዳው ሥር ያልፋል። እዚያ ላይ የሚጫን ነገር ሁሉ ይወገዳል፦ ጥብቅ የመነጽር እጅ፣ ጠባብ ባርኔጣ፣ የጭንብል ማሰሪያ፣ በዚያ ጎን መተኛት። የመነጽሩን እጅ በዚያ ጎን ማስፋት ወይም ለጥቂት ወራት ማውለቅ ቀላል መፍትሔ ነው። አስፕሪን በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፤ ጥርስ ለማስነቀል ወይም ለሌላ ቀዶ ሕክምና ሲሄዱ «አቁም» ቢባሉ የአንጎል ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አያቁሙ። ሌላው የሚዘነጋው ውሃ መጠጣት ነው፤ ሰውነት ሲደርቅና የደም ግፊት ሲወርድ ባይፓሱ ሊዘጋ ይችላል። ተቅማጥና ትውከት ካለ ቶሎ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

የማኘኪያ ጡንቻው ስለሚነካ አፍን በሙሉ መክፈት ለሳምንታት ያስቸግራል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ቀስ እያሉ መክፈት ያፍታታዋል። ሲጋራ ይቆማል፤ የደም ግፊት በየጊዜው ይለካል። መኪና ስለ መንዳት የአገሩ ሕግና የሐኪሙ ፈቃድ ይወስናል፤ በተለይ የሚጥል በሽታ ከታየ።

ኤምአርአይ መነሣት እችላለሁ?

ዛሬ የሚደረጉ የቲታኒየም ክሊፖች ይፈቅዳሉ። ድሮ ከነበሩት ውስጥ ግን በማግኔት የሚሳቡ ነበሩ። የክሊፑን ዓይነትና ቁጥር የያዘውን ካርድ ሳይቀበሉ ከሆስፒታል አይውጡ፤ ፎቶውንም በስልክ ይያዙ። የክትትል ምስል በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወዲያው፣ ከዚያ በ6 ወር፣ በዓመቱ፣ ከዚያ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ይነሣል።

ልጅ ላይ ሲገኝስ?

ከሁሉም አኒዩሪዝሞች ከ5 በመቶ በታች ናቸው፤ ነገር ግን በልጆች ላይ ግዙፍና ፉዚፎርም የሆኑት ድርሻቸው ከአዋቂ ይበልጣል። የሚፈለገው አሥርት ዓመታት የሚቆይ መፍትሔ ስለሆነ ባይፓስና ክሊፕ በልጆች ዘንድ ሰፊ ቦታ አላቸው፤ ክትትሉም ከአዋቂ ይረዝማል።

የቤተሰብ አባላት ይመርመሩ?

ሁለትና ከዚያ በላይ የቅርብ ዘመድ (ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እኅት) አኒዩሪዝም ካለበት፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ሲስት በሽታ ካለ፣ አዎ። በኢንፌክሽን ወይም በአደጋ የመጣ ከሆነ ዘመድን መመርመር አያስፈልግም።

ሳንዘገይ መመለስ ያለብን መቼ ነው?

በሕይወት ዘመን ያልታየ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር መጥፋት፣ መንቀጥቀጥ፣ እየጨመረ የሚሄድ እንቅልፍ፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ ከቁስሉ የሚወጣ ንጹሕ ውሃ፣ ወይም ከጆሮ ፊት ይሰማ የነበረው የባይፓሱ ምት ድንገት መጥፋት። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ መጀመሪያ የሚናገሩት «ባይፓስ አለኝ፣ በቀኝ ወይም በግራ ነው» የሚለውን ይሁን፤ የክሊፑን ካርድ ያሳዩ፣ የደም ግፊቱም ከመጠን በላይ እንዳይወርድ ያስታውሱ።